ሩዝቬልትን አትላኩልኝ

በዓመት ሦስት አራቴ ያቺ ምስል ትደርሰኛለች። አንዴ በቴሌግራም፣ አንዴ በፌስቡክ፣ ባለፈው ሰሞን ደግሞ የአክስቴ ልጅ በዋትሳፕ ላከችልኝ። ፍራንክሊን ሩዝቬልት አገጩን ቀና አድርጎ፣ የሲጋራ መያዣውን በጥርሱ ይዞ፣ ፈገግ ብሎ። ከሥሩ በቢጫ ፊደል የሆነ ነገር ይጻፋል፤ ቃሉ ይለያይ እንጂ ነገሩ አንድ ነው። ይህ ሰው እግሩ አይሠራም ነበር፣ ግን አራት ጊዜ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ፤ ያንተስ ሰበብ ምንድነው?

የኔ ሰበብ አራተኛ ፎቅ ነው።

ላስረዳ። በሁለት ዓመቴ ልምሻ ይዞኝ በሁለት ክራንች ነው የምሄደው። ሩዝቬልትም የያዘው ልምሻ ነው፣ ፖሊዮ የምንለው፤ ለዚህ ይመስለኛል ሰው ሁሉ እሱን ለኔ የሚልከው። ዘመድህ ነው ለማለት። ምስሏ የደረሰችኝ ቀን ጠዋት አንድ ወረቀት ለማስፈረም አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። ስሙ ይቅር። ሊፍት አለው፤ የሊፍቱ በር ላይ «አይሠራም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፣ ወረቀቱ ከመቆየቱ ብዛት ጠርዙ ተጠቅልሏል። ጥበቃው ደግ ሰው ነው። «ወንድሜ፣ ና ልሸከምህ» አለኝ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ሸሚዝ ተኩሼ፣ የላፕቶፕ ቦርሳ አንግቼ፣ በማላውቀው ሰው ጀርባ ታዝዬ አራት ፎቅ ወጣሁ። ክራንቾቼን አንድ ተማሪ ከኋላ ይዞልኝ መጣ። በየፎቁ ወረፋ የያዘ ባለጉዳይ ሁሉ ዞር እያለ አየኝ። አንዲት እናት «እግዜር ይማርህ ልጄ» አሉኝ። ላይ ስንደርስ ባለሙያዋ ወረቀቴን አገላበጠችና «ይሄማ ምድር ቤት ነው የሚያልቀው» አለችኝ።

ማታ ስልኬን ስከፍት ሩዝቬልት ፈገግ ብሎ ይጠብቀኛል።

ላይክ አድርጌ ማለፍ እችል ነበር፣ እስከዛሬ ያደረግኩትም እሱን ነው። ያን ቀን ግን አላስቻለኝም። እስኪ ይህ ሰው ፎቁን እንዴት ነበር የሚወጣው ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ያነበብኩት ምስሏ ላይ ከተጻፈው ጋር አይገናኝም፤ ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለአክስቴ ልጅ ነው፣ ለናንተም።

ሩዝቬልት ከባለጸጋ ቤት የተወለደ ሰው ነው። በ1920 (በፈረንጅ አቆጣጠር፤ ካልጠቀስኩ በቀር የውጭውን ሁሉ በነሱ ነው የምጽፈው) ለምክትል ፕሬዚዳንትነት ተወዳድሮ ተሸንፏል፤ ገና ብዙ የሚጠበቅበት መልከ መልካም ፖለቲከኛ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት በነሐሴ፣ በ39 ዓመቱ፣ ካምፖቤሎ በምትባል ደሴት ለዕረፍት ሄዶ ሳለ ታመመ። ከዚያ በኋላ ከወገቡ በታች አልታዘዝ አለው። እስኪሞት ድረስ ያለ ድጋፍ አንድ እርምጃ አልተራመደም።

ታዲያ እንዴት ተመረጠ? እዚህ ላይ ነው ነገሩ። የዳሌውን ጡንቻ እያወዛወዘ፣ እግሮቹ ላይ ብረት አስሮ፣ በአንድ እጁ ከዘራ በሌላው የልጁን ክንድ ጨምድዶ «መራመድ» የሚመስል ነገር ተለማመደ። ላቡ እንደ ውሃ እየወረደ ፊቱ ይስቅ ነበር። መድረኩ ቀድሞ ይፈተሻል፤ የንግግር ሰገነቱ ክብደቱን ይችል እንደሆነ ይነቀነቃል። መኪናው ከሕዝብ ዓይን ዞር ያለ ቦታ ትቆማለች። ደረጃ ካለ ጠባቂዎቹ በጓሮ በኩል ተሸክመው ያስገቡታል። አዎ፣ እሱም ይታዘል ነበር! የሱና የኔ ልዩነት እሱ ሲታዘል የሚያይ እንዳይኖር የሚጠብቅ ፖሊስ መኖሩ ነው። ፎቶ አንሺ ቢሞክር ጠባቂዎቹ ካሜራውን ይነጥቁና ፊልሙን ያበላሹት ነበር። በስሙ በተሰየመው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ከሠላሳ ሺ በላይ ፎቶግራፎቹ አሉ ይባላል፤ ዊልቸር ላይ የሚታይባቸው በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በ1936 ፊላዴልፊያ ላይ፣ በአሥር ሺዎች በተሰበሰቡበት፣ የእግሩ ብረት ተፈትቶ ወደቀ፤ የንግግር ወረቀቱ ጭቃ ላይ ተበተነ። አነሱት፣ አራገፉት፣ ወጥቶ ንግግሩን አደረገ። ጋዜጠኞቹ ዝም አሉ።

ሕዝቡ ልምሻ እንደያዘው አያውቅም ነበር ማለቴ አይደለም፤ ያውቃል። የተደበቀው በሽታው አልነበረም። ዊልቸሩ ነው የተደበቀው። ታሞ የነበረ፣ ታግሎ ያሸነፈ፣ ትንሽ የሚያነክስ ሰው ተብሎ ነው የተሸጠው። በሽታን «ያሸነፈ» ሰው መምረጥ ለመራጩ ደስ ይላል። በየቀኑ ጠዋት ሰው ከአልጋ የሚያነሳውን ሰው መምረጥ ግን ሌላ ነገር ነው።

እዚህ ላይ የምትሉኝ ይታየኛል። «በዚያ ዘመን በዊልቸር ቢቀርብ ማን ይመርጠው ነበር? ምን ያድርግ?» እውነት ነው፣ ማንም አይመርጠውም ነበር። እሱን በመደበቁ አልከሰውም። እኔም ለሥራ ቅጥር ፎቶ ስልክ ክራንቼ እንዳይታይ ከደረቴ በላይ እቆርጠዋለሁ። ችግሬ ከድብቁ ጋር አይደለም፣ ድብቁን እንደ ጀብዱ አድርጎ ከሚልክልኝ ሰው ጋር ነው። የድብቁን ዋጋ ደግሞ ሩዝቬልት ብቻውን አልከፈለውም።

ማን ከፈለው? በ1935 የጸደይ መጨረሻ ኒውዮርክ ከተማ ውስጥ የሆነውን ስሙ። ጊዜው ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ነው፤ ሚሊዮኖች ሥራ የላቸውም፤ የሩዝቬልት መንግሥት በፌዴራል ገንዘብ መንገድ፣ ድልድይ፣ ትምህርት ቤት እያሠራ ለሥራ አጡ ደመወዝ ይከፍላል። ታላቅ ሥራ ነው፣ ስሙም በዚህ ይነሳል። ክራንች የያዘ ወይም የሚያነክስ ሥራ ፈላጊ ሲመጣ ግን ማመልከቻው ላይ ሁለት ፊደል ይመታበታል፦ «ፒ ኤች»። አካሉ የተጎዳ ማለት ነው። ያ ምልክት ያለበት ሰው «ለሥራ የማይሆን» ተብሎ ይመለሳል። ታይፕ ይምታ፣ ሒሳብ ይሥራ፣ ዲግሪ ይኑረው ለውጥ የለውም። አብዛኞቹ ወጣቶች ነበሩ፤ ብዙዎቹ በልጅነታቸው ፖሊዮ የያዛቸው።

አስቡት እንግዲህ። የፕሮግራሙ ባለቤት ራሱ በፖሊዮ የተጎዳ ሰው ነው። ማመልከቻ ቢያስገባ ኖሮ በራሱ ፕሮግራም «ፒ ኤች» ተመትቶበት ይመለስ ነበር።

ስድስት ወጣቶች የከተማው የዕርዳታ ቢሮ ኃላፊ ክፍል ገብተው ተቀመጡ። ኃላፊውን ሳናነጋግር አንወጣም አሉ። ከውጭ ጓደኞቻቸው ሰልፍ ይዘው ከበቡ፤ ነገሩ ቀናት ፈጀ፤ ጋዜጣ ወጣ፤ ፖሊስም መጣ። ከዚያ ማኅበር መሠረቱ። በሚቀጥለው ዓመት ዋሽንግተን ድረስ ወርደው የሥራ ፕሮግራሙን ኃላፊ ሃሪ ሆፕኪንስን ተጋፈጡ። ችግራቸውን ከነማስረጃው ጽፈው ለመንግሥት አስገቡ። መጨረሻ ላይ ኒውዮርክ ውስጥ ከሺ በላይ አካል ጉዳተኞች ሥራ አገኙ። እነዚህን ልጆች የሚያሳይ በቢጫ ፊደል የተጻፈበት ምስል አንድም ቀን ደርሶኝ አያውቅም።

ሕጎቹንም እንይ። በ1938 ሩዝቬልት የፈረመው የሠራተኛ ሕግ ለአገሩ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል አስቀመጠ። እዚያው ሕግ ውስጥ አንድ አንቀጽ አለች፦ አሠሪ ፈቃድ አውጥቶ ለአካል ጉዳተኛ ከወለሉ በታች መክፈል ይችላል። ዊልቸር ላይ የተቀመጠ ፕሬዚዳንት ነው የፈረማት። ያቺ አንቀጽ ዛሬም ከፌዴራሉ ሕግ አልወጣችም። በ1935 የፈረመው የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ ለዐይነ ስውራንና ለአካል ጉዳተኛ ሕፃናት ድጋፍ ነበረው፣ ይህን አልክድም። መሥራት ላቃተው ጎልማሳ አካል ጉዳተኛ የሚከፈለው ዋስትና የመጣው ግን እሱ ከሞተ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ነው፣ በ1956።

ሰውየውን ግን ሰይጣን አላደርገውም። ዋርም ስፕሪንግስ የሚባል ጆርጂያ ውስጥ ያለ የፍል ውሃ ቦታ በራሱ ገንዘብ ገዝቶ ለፖሊዮ ሕሙማን ማገገሚያ አደረገው፤ እዚያ ዊልቸር አይደበቅም ነበር፣ ከሕሙማኑ ጋር ይዋኛል፣ ይቀልዳል። (ጥቁር ሕሙማን አይገቡም ነበር፤ ለነሱ በ1941 ነው ለብቻው አላባማ ውስጥ፣ ተስኪጊ ላይ የተከፈተው። «ወገኖቹ» ሲባል የትኞቹ እንደሆኑ ልብ በሉ።) በ1938 የመሠረተው የፖሊዮ ድርጅት ከሕዝብ አሥር አሥር ሳንቲም እየለቀመ ምርምሩን ደገፈ፤ በዚያ ገንዘብ የተሠራው የሳልክ ክትባት እንደሚሠራ የተነገረው ሩዝቬልት በሞተ ልክ በአሥረኛ ዓመቱ ነው፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1955። ምላስ ላይ የምትንጠባጠበው የኛዋ ጠብታም ከዚያው ድርጅት ገንዘብ ጋር ትዛመዳለች። እኔ ጋ ዘግይታ ደረሰች እንጂ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ አድርጓል። በደንብ ካያችሁት ግን ያደረገው አንድ ዓይነት ነገር ነው። ከልምሻ ጋር ተዋጋ። ከደረጃ ጋር አልተዋጋም። ዓላማው እንደኔ ዓይነት ሰው ዳግም እንዳይፈጠር ነበር፤ ዓላማው ተቀዳሽ ነው፣ ግን እኔ ተፈጥሬያለሁ። ተፈጥሬም ምድር ቤት ቆሜያለሁ። «ሕመሙን እናጥፋ» እና «ሕንፃውን እናስተካክል» ሁለት የተለያየ ፖለቲካ ነው፤ የመጀመሪያው ሁሉንም ያስማማል፣ ገንዘብ ይዋጣለታል፣ ዘፈን ይዘፈንለታል። ሁለተኛው አንድ ሰው ላይ ግዴታ ይጥላል። ስለዚህ ነው ሁለተኛውን የሚወድ የማይገኘው።

ከኛ ጋር የሚያገናኘው አንድ ታሪክ አለ፤ በፊት የፖለቲካ ታሪክ መስሎኝ ነበር የማነበው። የካቲት 6 ቀን 1937 ዓ.ም.፣ ስዊዝ ቦይ ላይ፣ ኩዊንሲ የተባለ የአሜሪካ የጦር መርከብ ላይ፣ ሩዝቬልት አፄ ኃይለ ሥላሴን አገኘ። ጃንሆይ ስለ ኤርትራና ስለ ባሕር በር፣ ስለ ጅቡቲ ባቡር፣ ስለ ኦጋዴን አነሱ፤ እንግሊዞችን ደስ ያላሰኘ ጉዞ ነበር። ፎቶውን ሁላችንም አይተነዋል። ሁለቱ ተቀምጠው ይነጋገራሉ። ተቀምጠው የምታዩት ለወግ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ አንዱ መቆም ስለማይችል ነው። ስንቶቻችን ነን ያንን ፎቶ አይተን አንድ ዊልቸር የሚጠቀም ሰው እያየን እንደሆነ ያወቅን? እኔ አላወቅኩም ነበር። ድብቁ እስከ ኢትዮጵያ የታሪክ መማሪያ ድረስ ሠርቷል።

በማግስቱ እዚያው መርከብ ላይ የመጡት የሳዑዲው ንጉሥ አብዱልአዚዝ ነበሩ። ንጉሡ በቁስልና በሕመም እግራቸው ተዳክሟል። የሩዝቬልትን ዊልቸር አይተው ወደዱት። ሩዝቬልትም ትርፍ ነበረውና አንዱን ሰጣቸው። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ከገዛ ሕዝቡ ሲደብቀው የኖረውን ዕቃ አንድ ንጉሥ በግልጽ «መልካም ነገር ነው» አሉት! ሁለት ሳምንት ቆይቶ መጋቢት 1 ቀን ሩዝቬልት ለኮንግረሱ ንግግር ሲያደርግ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀምጦ ተናገረ፤ እግሩ ላይ የሚያስረው ብረት ስለሚከብደው ይቅርታ እንዲያደርጉለት ጠየቀ። ስለ ብረቱ በአደባባይ ያወራው ያኔ ነው። በሚቀጥለው ወር ሞተ። መርከቡ ላይ ያየው ነገር ይሆን ልሳኑን የፈታው? ማስረጃ የለኝም፤ ደክሞት ነው የሚሉት ይበልጥ እውነት ሳይሆኑ አይቀሩም። እኔ ግን እንዲያ ባስበው ደስ ይለኛል።

ከሞተም በኋላ መደበቁ አልቀረም። በ1997 ዋሽንግተን ላይ ትልቅ መታሰቢያ ሲመረቅለት ሐውልቱ ተቀምጧል፣ ካባው ግን ወንበሩን ሸፍኖታል። አካል ጉዳተኞች ጮኹ። በሕይወት ሳለ ፈርቶ የደበቀውን እኛ ለምን እንደብቅለት አሉ። ተሟገቱ፣ ከሚሊዮን ተኩል በላይ ዶላር አሰባሰቡ፣ በጥር 2001 መግቢያው ላይ ዊልቸር ላይ የተቀመጠ ሌላ ሐውልት ቆመ። ሐውልት ሐውልት ነው፣ ማንንም ፎቅ አያወጣም፤ ቢሆንም ደስ አለኝ።

ዊልቸሩን አደባባይ ያወጡትን ሰዎች ማወቅ ከፈለጋችሁ ሌላ የልምሻ ዘመድ አለችኝ። ጁዲት ሂዩማን። በ1947 ተወለደች፣ በአንድ ዓመት ተኩሏ ፖሊዮ ያዛት። አምስት ዓመት ሲሞላት እናቷ ትምህርት ቤት ብትወስዳት ዊልቸሯ ለእሳት አደጋ ያሰጋል ብለው መለሱዋት። ተምራ፣ ጨርሳ፣ አስተማሪ ልሁን ስትል የኒውዮርክ ትምህርት ቦርድ ያንኑ የእሳት ነገር አነሳባት። በ1970 ከሰሰችና አሸነፈች። በሚያዝያ 1977 ደግሞ ከመቶ በላይ አካል ጉዳተኞች ሆነው ሳን ፍራንሲስኮ ያለ የፌዴራል መንግሥት ሕንፃ ገቡ። (የተቀመጡት አራተኛ ፎቅ ነው። እኔ ስለ ጽሑፌ ብዬ አልፈጠርኩትም።) ጥያቄያቸው ቀላል ነበር፦ በ1973 የወጣ ሕግ አለ፣ ከመንግሥት ገንዘብ የሚወስድ ተቋም አካል ጉዳተኛን አያግልል ይላል፤ ማስፈጸሚያ ደንቡ አራት ዓመት ሙሉ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል፤ ይፈረም።

ከሦስት ሳምንት በላይ አልወጡም። መድኃኒታቸውን፣ የሚያገላብጣቸውን ሰው፣ ፍራሻቸውን ጥለው የገቡ አሉ። ስልክ ሲቆረጥባቸው መስማት የተሳናቸው ልጆች በመስኮት በምልክት ቋንቋ ለውጭ ሰው መልእክት አስተላለፉ። የጥቁሮቹ ታጋዮች፣ ብላክ ፓንተሮች፣ በየቀኑ ትኩስ ምግብ እያበሰሉ አመጡላቸው። ሚያዝያ 28 ሚኒስትሩ ፈረመ። በመጋቢት 1990 ደግሞ የሕዝብ ተወካዮቹ ሕንፃ ደረጃ ሥር ዊልቸርና ክራንቻቸውን ጥለው በእጅና በጉልበታቸው እየዳሁ ወጡ፤ አንዷ የስምንት ዓመት ሕፃን ነበረች። ካሜራ ሁሉ እያየ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ትልቁ የአካል ጉዳተኞች መብት ሕግ ተፈረመ። ሩዝቬልት ማንም እንዳያየው ሃያ አራት ዓመት የተጠነቀቀውን ነገር እነሱ ሆን ብለው አሳዩት። የሠራውም ያ ነው።

ሂዩማን በኋላ በክሊንተንም በኦባማም ጊዜ መንግሥት ውስጥ ትልቅ ኃላፊነት ይዛ ሠርታለች፤ በ2023 አረፈች። ወንበር ላይ የደረሰችው ሰልፉን ይዛ ነው፤ ከጀርባዋ እነማን እንዳሉ፣ ነገ ብትለግም እነማን ቢሮዋ መጥተው እንደሚቀመጡ ታውቃለች። ሩዝቬልት ከጀርባው ማንም አልነበረም። ስለኛ የሚጠይቀው ሰው ስላልነበረ ስለኛ መልስ መስጠት አላስፈለገውም።

ወደ ቤታችን ልምጣ። «ለአካል ጉዳተኛ ሥልጣን ይሰጠው፣ አንድ ሚኒስትር፣ አንድ የፓርላማ አባል ይኑረን» የሚል ጥያቄ በየመድረኩ እሰማለሁ። እደግፋለሁ። ግን ምን ዓይነት? ኡጋንዳን እዩ። በ1995 ሕገ መንግሥታቸው መነሻነት ፓርላማቸው ውስጥ ለአካል ጉዳተኞች የተለየ መቀመጫ አላቸው፣ አምስት። ከታች በየአካባቢ ምክር ቤቱም አንድ ወንድ አንዲት ሴት ሆነው ይወከላሉ። መስማት የተሳነው አሌክስ ንዴዚ በ1996 ፓርላማ ገብቶ ከአስተርጓሚው ጋር ተቀምጧል። ችግር የለበትም አልልም፤ የሚመረጡት በራሳቸው መራጭ ተወካዮች በኩል ስለሆነ የገዢው ፓርቲ እጅ ይረዝምበታል የሚል ወቀሳ አለ። ቢሆንም እዚያ ያለ አካል ጉዳተኛ የፓርላማ አባል የመጣው አካል ጉዳተኛ ስለሆነ ነው እንጂ «ጉዳቱ ሳይበግረው» አይደለም። ተጠሪነቱም ይታወቃል።

የኛ አገር ደግሞ እኛን ለመናቅም ለማድነቅም አይሰንፍም። አያቶቻችን «ቆማጣን ቆማጣ ካላሉት ገብቶ ይፈተፍታል» ብለው ተረቱ። ቁጭ ብላችሁ ካሰባችሁት የፖለቲካ ተረት ነው፤ ገበታው ላይ ማን እጁን ይስደድ የሚል። ዛሬ ያን ተረት በአፋችን አንለውም። ያንን ትተን ቲክቶክ ላይ በእግሯ የምትጽፍ ልጅ እያሳየን፣ ከሥሯ ዋሽንት እያስነፋን፣ «ጀግና ናት፣ ሼር አድርጉላት» እንላለን። ገበታው ላይ ግን አሁንም አልተቀመጠችም። ሼር ካደረጉት ውስጥ «ይቺ ልጅ የምትማርበት ክፍል በየትኛው በር ነው የሚገባው?» ብሎ ኮሜንት የጻፈ ካያችሁ ንገሩኝ።

ሕግ ቸግሮን አይደለም። የሕንፃ አዋጁ፣ ቁጥር 624/2001፣ አንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በዊልቸር ለሚሄድና ደረጃ መውጣት ለማይችል ሰው መግቢያና መንቀሳቀሻ፣ መጸዳጃም ጭምር እንዲኖረው ያዛል። የሥራ ስምሪት መብት አዋጁ፣ ቁጥር 568/2000፣ አሠሪው የሥራ ቦታውን እንዲያመቻች ያስገድዳል። ዓለም አቀፉን ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቀናል። ሕገ መንግሥታችንም አንቀጽ 41 ላይ ያነሳናል፤ ከአረጋውያንና አሳዳጊ ካጡ ሕፃናት ጋር አንድ ላይ፣ አቅም በፈቀደ መጠን «ለማቋቋምና ለመርዳት»። መርዳት የምትለው ቃል ላይ ሁሌ ዓይኔ ይቆማል። ጥበቃው ረድቶኛል። ከልቡ ነው የረዳኝ፣ ወገቡን ይዞ ነው የወረደው፣ እስከዛሬ ባየሁት ቁጥር አመሰግነዋለሁ። የሊፍቱ ኃላፊ ግን ሊረዳኝ አይደለም የተቀመጠው። ግዴታ አለበት።

እናንተ የኔ ዕድሜ ልጆችም ከሱ የምትሻሉ እንዳይመስላችሁ። የመጽሐፍ ውይይት፣ የግጥም ምሽት፣ የፊልም ዕይታ ትጠራላችሁ፤ ፖስተሩ ቆንጆ ነው፣ ስለ ነፃነት ስለ ፍትሕ ነው፣ ቦታው ሁሌ ደረጃ ወርደው የሚገቡበት ምድር ቤት ወይም ሊፍት የሌለው ሦስተኛ ፎቅ ካፌ ነው። ሁለቴ በውስጥ መስመር ጠይቄያለሁ፣ «ደረጃ አለው እንዴ?» ብዬ። ሁለቱም የመለሱልኝ አንድ ነው፦ «አታስብ፣ እንይዝሃለን»። መያዝ አልፈልግም። ግጥሙን ሰምቼ፣ ደብሮኝ፣ በመሃል ላይ ተነስቼ ማንም ሳያውቅ መውጣት ነው የምፈልገው። እናንተ እንደምታደርጉት።

ለአክስቴ ልጅ ምስሏን ስትልክልኝ ልቧ እንዳልከፋ አውቃለሁ። መልስ ጻፍኩላት፦ ሩዝቬልትን ተይው፣ ካዛንቺስ የምትሠሪበት ሕንፃ መጸዳጃው በሩ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆነ ለክተሽ ላኪልኝ። መጀመሪያ ሳቀች። በማግስቱ ለክታ ላከች፤ ስድሳ አምስት። ዊልቸር አያስገባም። አሁን እሷ በየሄደችበት ትለካለች፣ አንድ የጎግል ሠንጠረዥ ከፍተን እዚያ እንጽፋለን፦ የሕንፃው ስም፣ ሊፍት አለ የለም፣ ይሠራል አይሠራም፣ የመግቢያው ደረጃ ብዛት፣ የመጸዳጃ በር ስፋት።

ያ ሊፍቱ የማይሠራው መሥሪያ ቤት የሠንጠረዡ አንደኛ መስመር ላይ ነው። አንቀጽ 36ን ጠቅሰን ማመልከቻ ጽፈናል፣ ስድስት ሆነን ፈርመናል፤ ሁለት ዊልቸር የሚጠቀሙ፣ አንድ ዐይነ ስውር ጠበቃ፣ እኔ፣ የአክስቴ ልጅና ጥበቃው። ጥበቃው እንዲፈርም ማንም አልጠየቀውም፣ ራሱ ነው እስኪርቢቶ የተቀበለን። ማክሰኞ ልናስገባ ሄድን። ገቢ ደብዳቤ የሚቀበለው መዝገብ ቤት አራተኛ ፎቅ ነው አሉን። «እኛ እዚህ ነን፣ መዝገቡ ይውረድ» ብለን የእንግዳ መቀበያው ፊት ለፊት ተቀመጥን። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ አንዲት ልጅ መዝገቡን በክንዷ ታቅፋ በደረጃው ወረደች፣ ቁጥር ሰጠችን፣ ማኅተም መታችልን። ሊፍቱ ላይ ያለችው ወረቀት እስከ ትናንት አልተነሳችም።